አሥራ ዘጠኙ ፖስታዎች፦ አንድ ቤተሰብ ስንረዳ የተሳሳትንበትና የታረምንበት ጉዳይ

ለምን ተጻፈ

በቁምስናችን፣ ማለትም በካቶሊክ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን፣ የበጎ አድራጎት ቡድን ውስጥ በጸሐፊነት ማገልገል ከጀመርሁ ዓመታት አልፈዋል። ሥራዬ መዝገብ መያዝ ነው፤ ማን ማንን ጎበኘ፣ መቼ ጎበኘ፣ ምን ተሰጠ። በመዝገቡ ካሉት ጉዳዮች አብዛኞቹ በሁለትና በሦስት መስመር ያልቃሉ። ይኸኛው አሥራ አንድ ገጽ ወስዷል። የመጀመሪያዎቹ አራት ገጾች ደግሞ የሴትየዋ ችግር ሳይሆኑ የእኛ ስህተት ናቸው።

ጉዳዩን ለመጻፍ እርሷን አስፈቅጃለሁ። ፈቃዷን የሰጠችኝ ማንነቷ እንዳይታወቅ አስጠንቅቃ ነው። ስለዚህ እዚህ ስምም ሠፈርም የለም፤ ጥቂት ዝርዝሮችም ሆን ተብለው ተለውጠዋል።

ቡድኑ

አሥራ አንድ አባላት አሉን። በየሁለት ሳምንቱ እንሰበሰባለን። ስብሰባው በጸሎት ይከፈታል፤ ስለ ጉብኝቶቹ ይነገራል፤ ውሳኔ ይሰጣል፤ በመጨረሻም ከረጢት ይዞራል። ማን ስንት እንደጣለ አይታይም። ይህ ልማድ ፍሬዴሪክ ኦዛናምና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1833 በፓሪስ ከመሠረቱት ከቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ማኅበር የተወሰደ ነው። ሁለት ሁለት ሆኖ ቤት ለቤት መጎብኘትንም ከዚያው አግኝተነዋል። ኦዛናም ያኔ ገና የሃያ ዓመት ተማሪ ነበር። ለእነዚያ ወጣቶች የችግረኞቹን ቤት ያሳየቻቸው፣ ወደ ድሀ ቤት እንዴት እንደሚገባም ያስተማረቻቸው እህት ሮዛሊ ሮንዱ የምትባል መነኩሲት ነበረች። እኛ ልማዱን ወርሰናል። ትምህርቱን መውረሳችንን ግን ከዚህ ጉዳይ በኋላ ተጠራጥሬአለሁ።

ገንዘባችን በወር አንድ እሑድ ከሚደረገው ሁለተኛ መዋጮ፣ በበሩ አጠገብ ካለው ሣጥንና ከጥቂት ቋሚ ለጋሾች ይመጣል። ለሦስት ወይም ለአራት ቤተሰብ የአጭር ጊዜ እርዳታ ይበቃል። የማንንም ዕዳ ከሥሩ ለመንቀል አይበቃም።

የመጀመሪያው ጥያቄ

ሴትየዋን ወደ እኛ የላኳት የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪ ነበሩ። ዕድሜዋ ወደ አርባ ይጠጋል። ሦስት ልጆች አሏት፤ ባሏ ከሁለት ዓመት በፊት ሞቷል። ንጋት ላይ ቢሮዎች ታጸዳለች። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የአንድ ወር የቤት ኪራይ። ሁለት አባላት ሄደው ቤቱን አዩ፤ ልጆቹን አዩ፤ ገንዘቡንም በቀጥታ ለአከራዩ ከፈሉ። እኔም በመዝገቡ ላይ «ተፈጽሟል» ብዬ ጻፍሁ።

ከሁለት ወር በኋላ ያንኑ ጠየቀች። ከፈልን። ከሌላ ሁለት ወር በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ መጣች።

በዚያ ስብሰባ ላይ ቡድኑ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «ጥገኝነት እያስተማርናት ነው» አለ። ሌላው ወገን «ሦስት ልጆች መንገድ ላይ ሊያድሩ ነው ወይ?» አለ። ክርክሩ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ዛሬ ቃለ ጉባኤውን መልሼ ሳነብ የሚያሳፍረኝ አንድ ነገር አለ። በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ «ደመወዝ እያላት ኪራዩ በየሁለት ወሩ የሚጎድለው ለምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። አንደኛው ወገን ጠባይዋን ያውቅ ይመስል ፈረደ፤ ሌላው በርኅራኄው ፈረደ። ሁለቱም ሳይጠይቁ ነው የፈረዱት። በመጨረሻ በአንድ ድምፅ ብልጫ ተከፈለ።

በመዝገቡ ላይ ግን አንድ ፍንጭ ነበር፤ እኔው ራሴ ጽፌው ያላየሁት። በሁለተኛው ጉብኝት ደረሰኝ ላይ እንድትፈርም ስትጠየቅ «መነጽሬ ጠፍቶብኛል፤ እናንተው አንብባችሁ ንገሩኝ» ብላ ነበር። እኔም ከግርጌ «መነጽር ያስፈልጋታል፤ ይታሰብበት» ብዬ አሰፈርሁ። ገንዘብ ያዣችን የመነጽር ዋጋ እስከ ማጠያየቅ ደርሶ ነበር።

የማስታወቂያው እሑድ

ከሦስተኛው ክፍያ በኋላ አንድ ቅን አባላችን ካዝናችን መመናመኑ አሳሰበውና ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ በሚነገርበት ሰዓት ተነሥቶ ለምእመናን ተናገረ። ቆሞሱን፣ የቁምስናውን ኃላፊ ካህን፣ አላስፈቀደም፤ ለቡድኑም አልነገረም። ስም አልጠራም። «ባሏ ከሁለት ዓመት በፊት የሞተባት፣ ሦስት ልጆች ያሏት፣ ንጋት ላይ ቢሮ እያጸዳች የምትኖር እናት በመካከላችን አለች» አለ። በቁምስናችን እንዲህ ያለች ሴት አንዲት ብቻ ናት። ያን ዕለት ከፊት ከሦስተኛው መደዳ ተቀምጣ ነበር።

በሦስት ቀን ውስጥ አሥራ አራት ከረጢት ልብስና ዕቃ ወደ ቤቷ ጎረፈ። ከረጢቶቹን በኋላ ስንለይ ግማሽ የሚሆነው ወፍራም የወንድ ልብስ ነበር። ከአንዱ ከረጢት ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ አዲስ የልጅ ጫማ ወጣ፤ የግራ እግር ብቻ። የሚቀጥለው ወር ኪራይ በዚያ ሁሉ ልግስና መካከል እንደ ጎደለ ቀረ።

ይህ ስህተት አዲስ አይደለም፤ እንዲያውም የቡድናችን ዓይነት ማኅበራት የተወለዱት ከእርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1617 ቪንሰንት ደ ፖል ሻቲዮን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ አዲስ ቆሞስ ሳለ፣ አንድ ቤተሰብ በሙሉ ታሞ የሚረዳው ሰው እንዳጣ ነገሩትና በስብከቱ ላይ አነሣው። ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገዱ ምግብ ይዘው በሚሄዱና አድርሰው በሚመለሱ ሰዎች ተሞልቶ አገኘው። ቤተሰቡ ያን ሁሉ ምግብ በአንድ ቀን ሊበላው አይችልም፤ ይበላሻል፤ ነገ ደግሞ የሚመጣ አይኖርም። ርኅራኄው እንዳልጎደለ፣ የጎደለው ሥርዓት እንደሆነ ተረዳ። በዚያው ዓመት የከተማዋ ሴቶች ተራ ገብተው የሚያገለግሉበትን ማኅበር ከነደንቡ አቋቋመ። እኛ ይህን ታሪክ በየዓመቱ በበዓሉ ቀን እንተርካለን። ተርከነውም እንዲሁ አደረግን።

ሴትየዋ ስድስት እሑድ ቅዳሴ አልመጣችም። መካከለኛው ልጇ ለአስተማሪው «እናቴ ሰው ያየናል ብላለች» ብሎ ነገራቸው።

ባዶ እጅ የተደረገው ጉብኝት

ቆሞሱ ጉዳዩን ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ሂዱና ይቅርታ ጠይቁ፤ ምንም ነገር ይዛችሁ እንዳትሄዱ» አሉ። ያኔ ሁለተኛው ትእዛዝ አልገባኝም ነበር።

የሄድነው እኔና በፖስታ ቤት ለሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ አባላችን ነን። የዚያን ቀን ሌሎች ሁለት ቤተሰቦች ስለነበሩን እርሷን መጨረሻ አደረግን፤ አጋጣሚ ነበር። የ1617ቱ ደንብ ግን ይህንኑ አስቀድሞ አዝዞታል፤ የምትጎበኘዋ አገልጋይ አስታማሚ ካለው በሽተኛ ትጀምር፣ ማንም የሌለውን መጨረሻ ታድርግ፣ ከእርሱ ጋር ብዙ ጊዜ መቆየት እንድትችል ይላል። እኛም ቀጣይ ቀጠሮ ስላልነበረን አልተጣደፍንም።

በሩን ስትከፍት በመጀመሪያ ያየችው እጃችንን ነው።

«ዛሬ ምንም አልያዝንም፤ ይቅርታ ልንጠይቅሽ ነው የመጣነው» አሏት ሽማግሌው።

«ግቡ ጋሼ» አለች፤ ፊቷ ግን አልተፈታም።

ይቅርታውን ሽማግሌው ተናገሩ፤ አላሳበቡም፤ «ልጁ ለቅንነት ብሎ ነው» ብለው አልተከላከሉም። «ችግርሽን ያለ ፈቃድሽ በአደባባይ ተናገርን፤ በደልንሽ» አሉ። ከዚያ ዝም ተባለ። በቀደሙት ጉብኝቶች ዝምታ ሲመጣ የምናወጣው ገንዘብ፣ የምናስፈርመው ደረሰኝ ነበረን። ያን ቀን ምንም የለንም። ስለዚህ ቁጭ አልን። ጥቂት ቆይታ ስለ ባሏ ማውራት ጀመረች፤ እንዴት እንደታመመ፣ ማን እንዳስታመመው፣ ለሕክምናው ከማን እንደተበደሩ። በሦስት ጉብኝት ያልሰማነውን በአንድ ሰዓት ሰማን።

ሽማግሌው ሲያዳምጡ ቆይተው ዓይናቸው ከበሩ ጀርባ በሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል ላይ አረፈ። ሠላሳ ዓመት ፖስታ ሲለይ የኖረ ሰው ፖስታን በፌስታል ውስጥም ያውቀዋል።

«ልጄ፣ እነዚያ ደብዳቤዎች ተከፍተዋል?»

«የዕዳ ናቸው ብዬ...» አለችና አቋረጠች። ከዚያ በዝግታ «ባነባቸውም አይገቡኝም» አለች።

መነጽር ጠፍቶባት አልነበረም።

ፖስታዎቹ

ፌስታሉን ራሷ አውርዳ ሰጠችን። አሥራ ዘጠኝ ፖስታ ነበር፤ አሥራ ስድስቱ አልተከፈቱም። ሽማግሌው ወዲያውኑ መቅደድ አልጀመሩም። አንድ በአንድ እያነሡ ከማን እንደመጣና ማኅተሙ የመቼ እንደሆነ ነገሯት፤ «ይከፈት?» ብለውም ጠየቋት፤ «አዎ» ስትል ብቻ ከፈቱት። አልጋው ላይ በሦስት ክምር ደረደሩ፤ ጊዜው ያለፈበት፣ አስቸኳይ፣ የሚጠየቅበት። ከአሥራ ዘጠኙ ዐሥሩ ምንም የማያደርጉ ማስታወቂያዎች ነበሩ። ለሁለት ዓመት ስትፈራቸው የኖረቻቸው ወረቀቶች!

ሁለት ነገር ከዚያ አልጋ ላይ ተገኘ።

የመጀመሪያው የጡረታ ደብዳቤ ነው። ባሏ ይሠራበት የነበረው ድርጅት ጡረታ ይከፍልለት ስለነበር ለሚስቱና ለልጆቹ የሚከፈል አበል አለ። ማመልከቻው ባሏ በሞተ ሰሞን በአንድ ዘመዳቸው እጅ ገብቶ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ አንድ ሰነድ ጎድሏል ብሎ ጽፏል። ባልየው በሥራ ቦታ የተመዘገበው ሰው በሚጠራው ስሙ ሲሆን ጋብቻው የተመዘገበው በክርስትና ስሙ ነው። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያስረዳ ማስረጃ በዘጠና ቀን ውስጥ ይቅረብ ይላል። ዘጠና ቀኑ ካለፈ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ፋይሉም ተዘግቷል።

ሁለተኛው ብድሩ ነው። ለሕክምናው የተወሰደው ገንዘብ ከአራጣ አበዳሪ ነበር። ከደብዳቤዎቹ መካከል ስለ እርሱ የሚናገር የለም፤ አራጣ አበዳሪ ደብዳቤ አይጽፍም፤ በር ያንኳኳል። ከብድር የመጣ ሌላ ወረቀት እንዳለ ስንጠይቃት ግን ተነሥታ የቁም ሣጥኑን በር ከፈተችና ጀርባውን አሳየችን። በእርሳስ የተሠመሩ ሃያ ስድስት አጫጭር መስመሮች ነበሩ፤ በየወሩ አንድ። ሁሉም ወለድ ነው። ከደመወዟ ሲሶው በየወሩ ለእርሱ ይሄዳል፤ ምክንያቱም በሯ ድረስ መጥቶ የሚጮኸው እርሱ ነው፤ አከራዩ ይታገሣል። ድምሩ ከዋናው ብድር በልጧል፤ ዋናው ግን አልተነካም።

እኛ ኪራይ የከፈልን መስሎን ወለድ ስንከፍል ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ስሙን በተመለከተ መልሱ ከእኛው መዝገብ ቤት ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1983 የታወጀው የላቲን ሥርዓት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ እያንዳንዱ ቁምስና የጥምቀት፣ የጋብቻና የሙታን መዝገብ እንዲይዝ ያዛል። የዚሁ ሕግ ቀኖና (አንቀጽ) 1122 ደግሞ ጋብቻ ሲፈጸም ጉዳዩ በተጋቢዎቹ የጥምቀት መዝገብ ላይም እንዲሰፍር ይላል፤ ጋብቻው በሌላ ቁምስና የተፈጸመ ቢሆን እንኳ። ባልየው የተጠመቀው በእኛ ቁምስና ነበር። ቆሞሱ የቆየውን መዝገብ አውርደው ገጹን ሲያገኙ በሕዳጉ ላይ በሌላ ቀለም ጋብቻው፣ ቀኑ፣ ቦታውና የሚስቱ ስም ተጽፎ ተገኘ። የትውልድ ቀኑና የወላጆቹ ስም በሥራ ቦታው ከተመዘገበው ጋር ይገጥማል። የምትፈልገው ወረቀት ገንዘብ ስንቆጥርላት ከከረምንበት ክፍል በግድግዳ ብቻ ይለያል።

ያ ወረቀት ብቻውን አልበቃም። የሕግ ባለሙያ የሆነ አንድ ምእመን በነፃ ማመልከቻ አዘጋጀላት፤ ባልየውን በሁለቱም ስሞች የሚያውቁ ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ቃላቸውን ሰጡ። ፋይሉ እንዲከፈት ማመልከቻው ሦስት ጊዜ ገባ። ሁለት ጊዜ ተመልሷል፤ አንዴ በማኅተም ጉድለት፣ አንዴ ደግሞ ምክንያቱ ሳይነገር።

አበዳሪውን በተመለከተ የመጀመሪያው ሙከራ ከሽፏል። የሒሳብ ባለሙያ የሆነ አባላችን ከእርሷ ጋር ሄደና ራሱ ተናገረ። አበዳሪው እርሷን ትቶ ከእርሱ ጋር ብቻ ተነጋገረ፤ «ቤተ ክርስቲያን ከጀርባዋ ካለች ዋናውን አምጡ» አለ። እርሷ ያን ሁሉ ጊዜ አቀርቅራ ቆማለች። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ተለማመዱ፤ እርሷ ትናገራለች፣ አባላችን አበዳሪውን ሆኖ ይጮኽባታል። (ጨዋ ሰው ስለሆነ መጮኽ አልሆነለትም፤ ያ ራሱ አስቃት።) በሁለተኛው ጊዜ ሃያ ስድስቱን መስመሮች በወረቀት ገልብጣ ይዛ ሄደች፤ እርሷ ተናገረች፤ አባላችን ምስክር ሆኖ ዝም አለ። ወለዱ ቆሞ ዋናው በአሥራ ስምንት ወር ተከፋፍሎ እንዲከፈል ተስማሙ፤ ስምምነቱም ተጽፎ ተፈረመ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍያዎች ቡድኑ ሸፈነ።

ያልሠራው

ከአበዳሪው ሌላ ሁለት ነገር አልተሳካም። የሒሳብ ባለሙያችን የወር ወጪ መመዝገቢያ ቅጽ አዘጋጅቶ ሰጣት፤ አንድም ቀን አልተሞላም። ማንበብ ለሚከብዳት ሴት አሥራ ሁለት ዓምድ ያለው ቅጽ! በቁም ሣጥኑ በር ጀርባ የራሷ ሒሳብ ነበራት፤ ከእርሱ ብንነሣ ይሻል ነበር።

ሌላው ሥራው ነው። አንድ አባል በተሻለ ደመወዝ የሌሊት ሥራ አገኘላት። በዘጠነኛው ቀን ተወችው፤ ሌሊት ልጆቹን የሚጠብቅላት የለም። በስብሰባው ላይ «ሥራ አግኝተንላት እምቢ አለች» ተባለ። ሽማግሌው «ልጆቹን ማን ይጠብቅ እንደሆነ ማን ጠየቃት?» ሲሉ መልስ የሰጠ አልነበረም።

ለሌሎች ቡድኖች

ከዚህ ጉዳይ በኋላ የለወጥነው ከሁሉ በፊት የመዝገቡን ቅርጽ ነው። «ምን ተሰጠ» ከሚለው ዓምድ በፊት «ምን ታየ፣ ምን ተባለ» የሚል ሰፊ ዓምድ ገብቷል። አንድ ሰው ያንኑ እርዳታ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠይቅ ክፍያው አይከለከልም፤ ነገር ግን በዚያው ሳምንት ገንዘብ ሳይያዝ አንድ ጉብኝት ይደረጋል። ይህን ደንብ ለማንም ቡድን ያለማመንታት እመክራለሁ። ገንዘብ የያዘ ጎብኚ ሲገባ ሁለቱም ወገኖች ስለ ገንዘቡ ያወራሉ፤ ተቀባዩ ገንዘቡን የሚያስገኘውን ብቻ ይናገራል፤ ይህ ውሸት አይደለም፤ የችግር ጠባይ ነው።

ስለ ወረቀት ደግሞ «የደረሰሽ፣ መልስ ያልሰጠሽበት ደብዳቤ አለ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ በመጀመሪያው ጉብኝት እንጠይቃለን። «ማንበብ ትችያለሽ ወይ?» ብለን ግን አንጠይቅም፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ መነጽር ያስጠፋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው በቁምስናው አዳራሽ ጥግ አንድ ጠረጴዛ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ደብዳቤ ያለው ሰው ይመጣል። ከሚመጡት ብዙዎቹ በእርዳታ መዝገባችን ላይ ፈጽሞ የሌሉ፣ ደህና ኑሮ አላቸው የምንላቸው ሰዎች መሆናቸው እስከ ዛሬ ያስገርመኛል።

በአደባባይ ስለ አንድ ቤተሰብ መናገር ተከልክሏል፤ ስም ቢደበቅም። ለምእመናን የሚነገረው የሚያስፈልገው ዕቃ ዓይነትና መጠን ብቻ ነው፤ ዕቃውም ወደ ቡድኑ እንጂ ወደ ቤት አይሄድም። ማስታወቂያውን የተናገረው አባላችን ይህን ደንብ ራሱ አርቅቆ አቀረበ። ከቡድኑ እንዲወጣ የጠየቁ ነበሩ፤ አለመውጣቱን ግን ዛሬ ሁላችንም እንደ ጥሩ ውሳኔ እናየዋለን።

«ጥገኝነት» የሚለው ክርክር ግን አልሞተም፤ በየስብሰባው ይነሣል። እኔ በበኩሌ ክርክሩ ራሱ መጥፎ ነው አልልም። መጥፎ የሚሆነው የሰውየው የወር ገቢና ወጪ ሳይታወቅ ሲነሣ ነው።

አሁን ያለበት ሁኔታ

አበሉ ፖስታዎቹ ከተከፈቱ ከሰባት ወር በኋላ ተፈቀደ። ወደ ኋላ ተቆጥሮ የተከፈላት የተወሰነው ጊዜ ብቻ ነው፤ ዘጠናው ቀን ያለፈበት ጊዜ አልታሰበላትም። በዚህ ጉዳይ የቀረበው ይግባኝ እስካሁን መልስ አላገኘም። ውዝፍ ኪራዩ ተከፍሏል። ከአበዳሪው ዕዳ ስድስት ክፍያ ይቀራል፤ የምትከፍለው ራሷ ናት።

እሑድ እሑድ ትመጣለች፤ ግን ከፊት ሦስተኛው መደዳ አልተመለሰችም፤ ከበሩ አጠገብ ትቀመጣለች። ከአባላቱ አንዷ ወደ ቡድኑ እንድትገባ ብትጋብዛት «አሁን አይደለም እትዬ» ብላ መልሳለች። ማስታወቂያ የሚነገርበት ሰዓት ሲደርስ ልጆቿን ይዛ ትወጣለች። ባለፈው ወር ሽማግሌውና እኔ ስንጎበኛት ፌስታሉ ከሚስማሩ ላይ የለም፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ ፖስታ ነበር፤ አንዱ ጠርዙ በቢላ ቀጥ ብሎ ተቀዷል። ሽማግሌው አንሥተው ሊያነቡ ሲሉ «ይቆዩ ጋሼ፤ መጀመሪያ እኔ ልሞክር» አለቻቸው። ሁለተኛው መስመር ላይ አንድ ቃል ያዛት። እርሳቸውም እስክትጠይቃቸው ድረስ ዝም አሉ።